«ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል?» ለምትሉ እናቶች

በዚህ በቤሩት ከተማ በጣም የሰለቸኝ አባባል ቢኖር «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል?» የሚለው ነው። ማዳሞች ይሉታል። ሱቅ ውስጥ ይባላል፣ ሊፍት ውስጥ ይባላል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የእኛው እህቶች እሑድ እሑድ ስንገናኝ ሲሉት ነው። አንድ የእኛ ልጅ ዓይኑን በጣቱ ስቦ ሌላዋን ልጅ «ቻይና! ቻይና!» ሲላት እናት ትስቅና «ተዪው፣ ልጅ እኮ ነው» ትላለች። ለእሷ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ለተሰደበችው ልጅ ግን አያልቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ቨርደን ሰው ቤት እሠራለሁ፣ የሰው ልጅ አሳድጋለሁ። ስለ ልጅ አስተዳደግ ከዩኒቨርሲቲ የተሰጠኝ ወረቀት የለኝም። ነገር ግን ልጅ ክፉ ቃል ከየት እንደሚማር ከእኛ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ቃሉን ሲማረው ሳህን እያጠብን የምንሰማው እኛ ነን። ስለዚህ «ምን ያውቃል?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ልጅ ያሳዩትን ሁሉ ያውቃል።

የማሳድገው ልጅ ሦስት ዓመቱ እያለ ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን እኔ አፍ ውስጥ ካልከተተ አይበላም ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላው ውኃ ስጠጣ አይቶ «ይሄ ያንቺ ብርጭቆ አይደለም፣ ያንቺ እዚያ ነው» አለኝ። በመሃል ምን ሆነ? ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። የእኔ ብርጭቆና ሳህን ለብቻው እንደሚቀመጥ አየ። በስሜ ሳይሆን «ኤል ቢንት»፣ ልጅቱ፣ እየተባልኩ ስጠራ ሰማ። ፓስፖርቴ የት መሳቢያ ውስጥ እንደተቆለፈ ያውቃል፣ ቁልፉም የት እንዳለ ያውቃል። እናቱ ግን ዛሬም «ልጅ ነው» ትላለች። አዎ፣ ልጅ ነው። ለዚህ ነው ቶሎ የተማረው።

ሊባኖስ ውስጥ ያደገ ልጅ «ሲሪላንኪየ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው የአገር ስም ሆኖ አይደለም። ከእኛ በፊት በብዛት መጥተው ሰው ቤት የሠሩት የስሪላንካ ሴቶች ነበሩ። ቀስ በቀስ የአገራቸው ስም የሥራው ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ «የእኔ ሲሪላንኪየ ኢትዮጵያዊት ናት» የምትል ማዳም አለች፣ ማንም አይስቅባትም። የአንድ አገር ሕዝብ ስሙ ተወስዶ «ገረድ» ማለት ሆነ። ታዲያ በዚህ ቋንቋ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤቱ አንዲት የስሪላንካ ልጅ ብትገባ ምን ብሎ ያያታል?

በጥቁርም በኩል እንዲሁ ነው። እዚህ ልጆች የሚወዱት በቸኮሌት የተሸፈነ ለስላሳ ጣፋጭ አለ። ስሙ «ራስ ኤል አብድ» ነበር፣ የባርያ ራስ ማለት ነው። በኋላ ማሸጊያው ላይ «ታርቡሽ» ተብሎ ተቀየረ፣ ብዙ ሰው ግን አሁንም በድሮው ስሙ ነው የሚጠራው። ልጁ ጣፋጩን ሲጠይቅ ስድቡን አብሮ ይማራል። በኋላ እኔን መንገድ ላይ ሲያየኝ ቃሉ አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ነገሩ ቃል ብቻ አይደለም። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጎናል። ካፋላው ደግሞ ኢቃማችንን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራል። ብዙ የግል የባህር ዳርቻዎችና መዋኛዎች የቤት ሠራተኛ ልጅ ይዛ እንድትገባ እንጂ ውኃ ውስጥ እንድትገባ አይፈቅዱም። የቱሪዝም ሚኒስቴር በ2012 ሰውን በዘርና በዜግነት እንዳይለዩ መመሪያ አወጣ፣ ከዚያም በኋላ ይሄው ነገር ቀጠለ። ልጁ ይዋኛል፣ ያሳደገችው ሴት በፀሐይ ልብሷን እንደለበሰች ዳር ቆማ ፎጣ ትይዛለች። ይህን ያየ ልጅ ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም። ሕጉም፣ ካፋላውም፣ መዋኛውም አስተማሪዎቹ ናቸው።

እስካሁን ያልኩትን ሁላችሁም ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ እንዳነበባችሁት አውቃለሁ። ማዳም ስትወቀስ ሁላችንም እንስማማለን። አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ፣ እዚህ ጋ መስማማታችሁን እንጃ።

እሑድ ስንሰበሰብ ልጆች አብረው ይጫወታሉ። የኢትዮጵያ፣ የፊሊፒንስ፣ የባንግላዴሽ፣ የሱዳን ልጆች አሉ፣ ከሁለት አገር የተወለዱም አሉ። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ፊሊፒናዊት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ትመጣ ነበር። የእኛ ልጆች ዓይናቸውን እየሳቡ አሾፉባት። ምሳዋን ከፍታ ሩዝና ዓሣ ስትበላ አፍንጫቸውን ያዙ። ኮሮና ካለፈ ስንት ጊዜው ነው፣ «ኮሮና» እያሉ ከአጠገቧ ሮጡ። ልጅቱ አላለቀሰችም። የምሳ ዕቃዋን ዘግታ እናቷ ጉያ ገባች። እናትየዋ እኛን አየችን። እኛ ዘንድ የተሰማው ሳቅና «ልጆች እኮ ናቸው» የሚል ድምፅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልመጣችም።

ጉዳዩን ስብሰባ ላይ ሳነሳው አራት ዓይነት መልስ ሰማሁ። አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው «ቻይና ማለት ምኑ ነው ስድብ? የአገር ስም አይደለም እንዴ?» የሚል ነው። እሺ፣ «ስሪላንካስ» የአገር ስም አይደለም? ታዲያ አንቺን «ሲሪላንኪየ» ሲሉሽ ለምን ደምሽ ይፈላል? የሚያናድድሽ ስሪላንካ መጥፎ አገር ስለሆነ አይደለም። አንቺን ለማወቅ የሚበቃ ጊዜ ስላልሰጡሽ ነው። መልክሽን አይተው ስምሽንም አገርሽንም ሰርዘው በአንድ ቃል ስለጠቀለሉሽ ነው። ልጅሽ የማኒላ ሴት የወለደቻትን ልጅ «ቻይና» ሲላት ያንኑ ነው ያደረገው። እውነተኛ ቻይናዊት ብትሆንም ያው ነው፤ ዓይንን እየሳቡ ሲጠሩት የአገር ስም ሰላምታ አይሆንም።

ይህን ቃል ልጆቻችን ሊባኖስ ውስጥ አላገኙትም፣ ይዘነው ነው የመጣነው። አዲስ አበባ ወይም ክፍለ አገር መንገድ የሚሠሩ ቻይናዎች ሲያልፉ ልጆች ከኋላቸው «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይሮጣሉ። ኮሪያዊም ይሁን ጃፓናዊ ለልጆቹ ሁሉም ቻይና ነው። ትልልቆቹ በረንዳ ላይ ቆመው ይስቃሉ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ፤ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ሰውየው አዲስ አበባ የገባው ከቡርኪናፋሶ ነው፣ ግን ያንን ማን አስታወሰ? ሕዝቡ የያዘው «ጃፓናዊ» የሚለውን ብቻ ነው። በቀናት ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች በየመንገዱ «ኮሮና» እየተባሉ ይሰደቡ ጀመር፤ የአሜሪካ ኤምባሲም በውጭ ዜጎች ላይ ጥላቻ እየጨመረ ነው ብሎ ዜጎቹን አስጠነቀቀ። በአሜሪካና በአውሮፓም የእስያ ሰዎች በዚያው ምክንያት በየመንገዱ ተሰድበዋል፣ ተደብድበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ የእስያ ሰው «ኮሮና» ከተባለ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ቻይና ጓንግዡ ከተማ ውስጥ ደግሞ አፍሪካውያን በሽታ አላችሁ ተብለው ከቤታቸውና ከሆቴል እየወጡ መንገድ ላይ አድረዋል። ያን ጊዜ ሁላችንም በስልክ ምስሉን እየተላላክን «ዘረኞች!» ብለናል። ልክ ነበርን። ግን ዘረኝነት እኛን ሲነካን ብቻ ስሙን የምናውቀው ከሆነ ምኑን አወቅነው?

ሁለተኛው መልስ «የእኛንም ልጆች እኮ አብድ ይሏቸዋል። ተሰድቦ የመጣ ልጅ ቢሳደብ ምን ይደረግ?» የሚለው ነው። ይህን የምትለውን እናት አዝንላታለሁ፣ ልጇ በእውነት ይሰደባል። ነገር ግን ልጁ ሰኞ ትምህርት ቤት የተቀበለውን ዱላ እሑድ ከእሱ ያነሰች ልጅ ላይ እንዲያሳርፍ ከፈቀድሽለት ቁስሉን አላዳንሽለትም። ያስተማርሽው ዓለም በዳይና ተበዳይ ብቻ እንዳላት፣ እሱም ቶሎ ብሎ በዳይ መሆን እንዳለበት ነው። ማዳምስ የምታስተምረው ይህንኑ አይደለም?

ሦስተኛው «ፊሊፒኖች ራሳቸው ይንቁናል» የሚል ነው። ይህኛው መልስ ወዴት እንደሚወስደን ልብ በሉ። መክተብ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። እዚያ ሰው በአገሩ ነው ዋጋ የሚወጣለት። ፊሊፒን እንግሊዝኛ ትችላለች ተብላ ከፍ ትላለች፣ ኢትዮጵያዊት ከሷ በታች፣ ባንግላዴሽ ደግሞ ርካሽ ትባላለች። አንድ ዓይነት ወለል እየወለወልን፣ አንድ ዓይነት ልጅ እያዘልን ደመወዛችን በፓስፖርታችን ይለያያል። ይህን መሰላል የሠራነው እኛ አይደለንም፤ እኛን የሚሸጡ ሰዎች ናቸው የሠሩት። ነገር ግን ፊሊፒኗ እኛን ዝቅ አድርጋ ስታይ፣ እኛ ደግሞ ባንግላዴሿን «ቆሻሻ» ስንል መሰላሉን ደግፈን የያዝነው እኛው ሆንን። አንዳንዶቻችን ይህን ደረጃ እስከ ልጆቻችን ጨዋታ ድረስ እናደርሰዋለን። የመክተቡ ባለቤት ልጆቻችንን አስተምሩልኝ ብሎ አልከፈለንም፤ በነፃ እየሠራንለት ነው።

አራተኛው መልስ በጣም ያሳዘነኝ ነው፤ «የእነሱ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» የሚለው። እህቶቼ፣ በጥር 2015 በፈረንጅ አቆጣጠር የቤት ሠራተኞች ማኅበር ቤሩት ውስጥ ሲመሠረት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሴቶች ነበሩ አንድ አዳራሽ የሞሉት፤ እስያዊትም አፍሪካዊትም። የሥራ ሚኒስቴር ዕውቅና ከለከለ፣ ማኅበሩ ግን ሥራውን አላቆመም። በ2016 መጨረሻ ከአደራጆቹ አንዷ ኔፓላዊቷ ሱጃና ራና ታስራ ከአገር ተባረረች። እሷ ስትባረር የጮኸችለት መብት የኔፓል ሴት መብት ብቻ ነበር እንዴ? የእኔም ነበር፣ ያንቺም ነበር። ዓለም ደቻሳ በ2012 ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ስትጎተትና ስትደበደብ በቪዲዮ ሲታይ፣ ከቀናት በኋላም ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ ሲያልፍ ያዘኑት ኢትዮጵያውያን ብቻ አልነበሩም። እነሱ የእኛን ሞት «ምን አገባን» ካላሉ፣ እኛ የልጃቸውን ለቅሶ እንዴት «ምን አገባን» እንላለን?

እንግዲህ ምን እናድርግ ለምትል እናት የማውቀውን ልናገር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ፣ ነገሩ ገና ቃል እያለ ነው መያዝ ያለበት።

ልጅሽ ሲሳደብ ከሰማሽ አትሳቂ። ሳቅሽ ፈቃድ ነው። አትምቺውም፤ የተመታ ልጅ የሚማረው አንቺ በሌለሽበት መሳደብን ነው። ለብቻው ወስደሽ ጠይቂው፤ «ይህን ቃል ከማን ሰማኸው? ምን ማለት ይመስልሃል?» ብዙ ጊዜ መልሱ ያስደነግጥሻል፣ ከቤት ነውና። ከዚያ በግልጽ ንገሪው፤ «ይህ ቃል ሰው ያሳንሳል፣ በቤታችን አይባልም» በይው። «ባለጌ አትሁን» ብቻ ማለት አይበቃም፣ የትኛው ቃል ለምን ክፉ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ቀጥሎ እጁን ይዘሽ የሰደባት ልጅ ዘንድ ውሰጂው። ይቅርታውን ራሱ በአፉ ይበል፣ ስሟን ጠይቆ በስሟ ይጥራት። ስም ያወቀ ልጅ «ቻይና» ለማለት ይከብደዋል።

አፋችንንም እንጠብቅ። ልጅ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ በስልክ ስታወሪ «ያቺ ባንግላ»፣ «ዓይነ ጠባቧ» ካልሽ፣ ነገ ልጅሽን ብትገስጪው ውሸታም ነው የሚልሽ። «ባርያ» የሚለውም ቃል ከቤታችን ይውጣ። ባርነት በአገራችን በሕግ ከተከለከለ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው፣ ቃሉ ግን ዛሬም በመካከላችን ሰው ለመስደቢያ ይወጣል። በአማርኛ «ባርያ» እያልን በዓረብኛ «አብድ» ሲሉን የምናለቅስበት ምክንያት አይገባኝም።

ልጅሽ የሚሰደበው ከሆነ ደግሞ «ቻለው» አትበይው። ይህ ቃል እኛን እናቶችንና ሴት ልጆችን ገድሎናል። መክተብ ቻሉት አለን፣ ቤተሰብ ቻሉት አለን፤ ቢያንስ ልጆቻችንን አናስችል። መጀመሪያ እመኚው። ምን እንደተባለ፣ ማን እንዳለው፣ የትኛው ቀን እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፊ። ዓረብኛ መጻፍ የምትችል ጓደኛ ወይም ከማኅበሩ ሰው ይዘሽ ወደ አስተማሪው ሂጂ። ኢቃማ የሌላት እናት ትምህርት ቤት ደጃፍ መቆም እንደምትፈራ አውቃለሁ። አባቱ ሊባኖሳዊ ያልሆነ ልጅ እዚህ ቢወለድም ዜግነት እንደማያገኝ፣ ወረቀት የሌለው ልጅ አንገቱን ደፍቶ እንደሚሄድም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ለብቻሽ አትሂጂ የምለው። ፊሊፒኗም፣ ባንግላዴሿም፣ አንቺም አንድ ላይ ብትሄዱ አስተማሪው የሚያየው አንዲት ፈሪ ሴት አይሆንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለጌጥ ነው እንዴ?

የሰው ልጅ የምናሳድግም ቢሆን ምንም አቅም የለንም አይባልም። ከሥራ እንዳንባረር መጠንቀቅ አለብን፣ እሱን እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ልጁ ለብቻው ከእኛ ጋር የሚሆንበት ሰዓት ብዙ ነው። «ሲሪላንኪየ» ሲለኝ ሳልቆጣ «ስሪላንካ በባህር የተከበበች ደሴት ናት፣ ሻይ የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔ ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ስሜን ደግሞ ታውቀዋለህ» እለዋለሁ። ከአጠገባችን ፎቅ የምትሠራዋን ፊሊፒናዊት በስሟ እየጠራሁ ሰላም እላታለሁ፣ እሱም መጥራት ጀምሯል። ብርጭቆዬን ለይቶ ያየው ልጅ ይህንንም ያያል። አንድ ቀን የትኛውን እንደሚመርጥ አላውቅም። ከአንድ በላይ መንገድ አይቶ እንዲያድግ ማድረግ ግን በእጄ ነው።

ለአገር ቤት ልጆቻችንም ይህን እንንገራቸው። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ለአያት ጥለን ነው የመጣነው። በስልክ «ምን ልላክልህ?» ብቻ ሳይሆን «ቻይናዎቹን ስታይ ምን ትላለህ?» ብለን እንጠይቅ። እዚያ ያለው ሠራተኛም እንደ እኛ የሰው አገር ሰው ነው። እሱም ልጁን በስልክ ነው የሚያሳድገው።

ለማኅበራችን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ለዚያች ፊሊፒናዊት እናት ከእኛ መካከል ሁለት ሦስት ሰዎች ይሂዱ፤ በስልክ ሳይሆን በእግር፣ የሰደቧት ልጆች እናቶችም አብረው። ሁለተኛ፣ እሑድ ልጆች በሚጫወቱበት ክፍል በር ላይ በአማርኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ «እዚህ ሁሉም በስሙ ይጠራል» የሚል ይጻፍ፤ በየተራ አንድ እናት ልጆቹ ዘንድ ትቀመጥ፣ ሁሌ የአንድ አገር ሰው እንዳትሆን። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ምሳ አብረን እንብላ፤ ሩዝና ዓሣውም፣ እንጀራውም፣ ዳሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ። ልጅ አፍንጫውን የሚይዘው ቀምሶት በማያውቀው ምግብ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ካፋላን አይጥልም፣ እሱን አውቃለሁ። የ1946ቱን ሕግም አይቀይርም። ነገር ግን ካፋላን ለመጣል የፊሊፒኗም የባንግላዴሿም ክንድ ያስፈልገናል፣ ልጇን የሰደብንባት እናት ደግሞ ክንዷን አትሰጠንም። ማዳም ልጇን እንድታስተምር መጠየቅ መብታችን ነው። የእኛን ልጆች ማስተማር ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ኢቃማም አይጠይቅም። ለሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ይህ ጉዳይ መጀመሪያ ላይ እንዲያዝ ስሜን አስመዝግቤአለሁ። የምትቃወሙኝም ኑ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።